ከማን ቤት እንደሚመጣ ያልነገርኸኝ መብራት

ዓለሙ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀረው። ናፍቄህ ነው የምጽፍልህ ብል ግማሹን መዋሸት ይሆንብኛል፤ ተናድጄብህ ነው። መጀመሪያ መቃብርህ ድረስ ሄጄ ልለፈልፍብህ አስቤ ነበር። ከቅዳሴ የሚወጣ ሰው ቢሰማኝ ምን ይለኛል ብዬ ተውሁት። ወረቀት አይታዘበኝም፤ እንግዲህ ስማ።

አስቀድሞ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጆቹ ደኅና ናቸው። ሰናይት ሰባተኛ ክፍልን አልፋለች፤ ማርታ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት። ክረምቱ ከብዷል፤ ከሐይቁ የሚመጡት ጥቃቅን ዝንቦችም እንደ ልማዳቸው መብራት ባዩበት ሁሉ ይረግፋሉ። የደጁን መብራት የጨረሱት እነሱና ዝናቡ ናቸው። ብርጭቆው ውስጥ ዝንብና ውሃ ተጠራቅሞ፣ መያዣው ዝጎ ዝጎ፣ አንድ ምሽት ጧ አለና ጠፋ።

ቀበሌን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ደጁን ያጨለመ ሰው ምን ሊደብቅ ነው ይላል። ሊቀመንበሩ አንዴ በሰው፣ አንዴ በወረቀት አስጠነቀቀኝ። የፋብሪካ ጓደኞችህን ለመንሁ። አንደኛው ነገ እመጣለሁ አለና ስብሰባ ገባ፤ ሌላው እሑድ አለና ለእርሻ ዘመቻ ተወሰደ። ሦስት ሳምንት ጨለማ ውስጥ ከተቀመጥሁ በኋላ፣ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ መሰላል ይዤልህ የኖርሁ ሴት ምን ያቅተኛል አልሁና ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ ተነሣሁ።

አዲሱን መብራት ገዝቻለሁ፤ ዙሪያውን ላስቲክ ያለው፣ ውሃ የማያስገባ ነው። ካቻቢቴህን ፍለጋ ግን ነፍሴ ወጣች። የወተት ቆርቆሮው ውስጥ ብሎን፣ ከብሎኑ ሥር ምስማር፣ ከምስማሩ ሥር ምንነቱ የማይታወቅ ብረት። አንተ እኮ ፋብሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ሽቦ ላይ ቁጥር ካልጻፍህ እንቅልፍ የማይወስድህ ሰው ነበርህ! የገዛ ቤትህ ግን ሽቦው ሁሉ ጥቁር ነው፤ አንድ ምልክት የለው፣ አንድ ወረቀት የለው። ሁሉም ነገር ጭንቅላትህ ውስጥ ነበረ፤ ጭንቅላትህን ይዘህ ሄድህ።

ያም ሆኖ ያስተማርኸኝን አንድ በአንድ አደረግሁ። ማብሪያ ማጥፊያ አይታመንም ትል ስለነበር ቆጣሪው ሥር ያለውን ፊውዝ ነቅዬ ኪሴ ከተትሁት። ሬዲዮኑ ዝም አለ፤ ተማመንሁ። ደረቅ መሰላል አቆምሁ፣ የጎማ ጫማህን አጠለቅሁ፣ ወጣሁ። አሮጌውን ሽፋን ፈትቼ የዝንቡን ክምር አራገፍሁ። እጄ ሽቦው ላይ ሊያርፍ ሲል ያ የምትጨቀጭቀኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ ፊውዙን ብትነቅይም ሳትለኪ አትንኪ ትለኝ ነበር። ለወጉ ያህል፣ ኤሌክትሪክ ያለበትን ስትነካ የምትበራዋን ቴስተርህን አስነካሁት። በራች።

ተበላሽታለች አልሁ። ደግሜ አስነካሁ፤ በራች። ልዋሽህ አልፈልግም፤ በብስጭት ወርውሬያት ሽቦውን በፒንሳ ልይዘው ነበር። የፒንሳው እጀታ ደግሞ ላስቲኩ ተልጦ ያለቀ ነው፤ ዛሬ ነገ እለውጠዋለሁ እያልህ ያቆየኸው አንተው ነህ። ያኔ ነው ወይዘሮ ዘይነብ ከበራቸው ብቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ውረጂ! የሱ ፊውዝ እኔ ቤት ነው!» ብለው የጮሁት።

ወይዘሮ ዘይነብ! ግቢ የምንጋራቸው ጨርቅ ነጋዴዋ፣ ከብዙ ዓመት በፊት በልብስ አጠባ ውሃ ከተጣላን ወዲህ ሰላምታ እንኳ ያልተለዋወጥናቸው ሴትዮ! ለቅሶህ ላይ ሦስቱንም ቀን መጥተው ሲቀመጡ ቀና ብዬ አላየኋቸውም ነበር።

ወርጄ መሰላሉ ሥር ዘጭ አልሁ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው ነገሩኝ። የዛሬ አራት ዓመት እናቴን ልጠይቅ መራዊ በሄድሁበት ሳምንት ነው አሉ። ጎሕ ሲቀድ ለሶላት ሊታጠቡ ወደ ቧንቧው ሲሄዱ በጨለማ ተደናቅፈው ወደቁ፤ አንተ አነሣሃቸው። በዚያው ሳምንት የደጃችንን መብራት ከእሳቸውም ቤት እንዲበራና እንዲጠፋ አድርገህ ዘረጋኸው። ኤሌክትሪኩንም ከኛ ቆጣሪ አላቅቀህ ከእሳቸው ቆጣሪ ቀጠልኸው። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። እያፈሩ ነገሩኝ። ለካስ፣ ሚስቴ ያወቀች ቀን ተናዳ ፊውዙን ትነቅለዋለች፣ ያን ጊዜ ይጨልምብዎታል ብለሃቸው ኖሯል።

እነቅለው ነበር፤ አውቀኸኛል። ግን ዓለሙ፣ በንዴት ትነቅላለች ብለህ ከሰጋህ፣ አንድ ቀን ልትጠግን ብላ ብትነቅለውስ ብለህ አላሰብህም? ልጆቹስ? በጥር አባታቸውን፣ በነሐሴ እናታቸውን ቀብረው ማን ቤት ሊገቡ ነበር? ይፋግ ያሉት ወንድሞችህ እንደሆኑ ራሳቸውን አልቻሉ።

ደግሞ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ! ጠዋት በተነሣሁ ቁጥር የደጁን መብራት በርቶ እያገኘሁ ስንት ጊዜ ጮህሁብህ? ዝንጉ አልሁህ፣ ደንታ ቢስ አልሁህ፣ ያውም በልጆችህ ፊት። አንተ አቀርቅረህ ረሳሁት ትላለህ፤ ያበሩት እሳቸው፣ የተሰደብኸው አንተ። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? አሁን ማንን ይቅርታ ልጠይቅ? ጸጸቱን ለብቻዬ ጥለህብኝ መሄድህም ያበግነኛል።

ሥራውን ጨረስነው። ወይዘሮ ዘይነብ የእሳቸውን ፊውዝ ነቅለው በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ እስክወርድም ከመሰላሉ ሥር ንቅንቅ አላሉም። እንደገና ለካሁ፤ ቴስተሯ አልበራችም። ሽቦውን አጥብቄ በናስትሮ ጠቀለልሁ፣ ላስቲኩን አስተካክዬ ሽፋኑን ገጠምሁ። ያኔ ነው ጉልበታቸው በጨርቅ መታሰሩን ያየሁት። ሦስቱን የጨለማ ሳምንት ግድግዳ እየዳበሱ ሲመላለሱ ወድቀዋል፤ ከኔ ጋር ስለማንነጋገር አስጠግኚው ማለት አልቻሉም። ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። አንቺም ይቅር በይኝ አሉና ተቃቅፈን አለቀስን። ያለቀስነው ላንተ ነው፤ ይበዛብህ ነበር።

ማታውኑ ልጆቹን አስቀምጬ የትኛው ሽቦ ከማን ቤት እንደሚመጣ አሳየኋቸው። በሁለቱም ቆጣሪዎች ላይ ሰናይት በትልልቅ ፊደል ጻፈችበት። የቤቱ ወረቀት የት እንዳለ፣ እኔ አንድ ነገር ብሆን መጀመሪያ የማንን በር እንደሚያንኳኩም ነገርኋቸው፤ የወይዘሮ ዘይነብን ነው።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ ለቀስተኛው ሁሉ ደግነትህን ብቻ ያወራል፤ ያውራ። እኔ ለልጆችህ አንዱን ነጥዬ አልነግርም። አባታችሁ ለሰው የሚራራ ሰው ነበር፣ ርኅራኄውን ደብቆ እናታችሁን ሊገድላት ምንም አልቀረው፣ በሕይወት ያቆያትም እሱ ያስተማራት ነው እላቸዋለሁ። ሲያድጉም እደግምላቸዋለሁ፤ ሲያገቡም እደግምላቸዋለሁ። እየተናደድሁ አስታውስሃለሁ ዓለሙ፤ መናደዴን ያቆምሁ ቀን የረሳሁህ ቀን ነው፣ እሱም አይመጣም።

ሚስትህ፣ አስናቀች