ጥቁሩ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ጥለሽን

ማክሰኞ፣ ጥር 9 ቀን

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣ ለነገረኛዋ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ግን ቱግ ብያለሁ፤ ስለዚህ ሰላምታውን እዚህ ላይ ላብቃና ወደ ጠቡ ልግባ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። መምህርሽ በሰው ፊት «መሠረቱም የለሽም፣ ይህ ትምህርት ላንቺ አይሆንም» ስላለሽ ፊዚክሱን ልትተዪው ነው አሉ። በአንድ ሰው አፍ? መሠረት የሌለውስ እኔ ነኝ! ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የሰው ሰዓት ስፈታ ያረጀሁ ሰውዬ! ብርሃን በኮከብ አጠገብ ሲያልፍ መንገዱ እንደሚጎብጥ ለእኔ በስምንት ደብዳቤ ያስረዳሽው አንቺ አይደለሽም? ያ ሰውዬ እስቲ እኔን ያስተምርና እንየው!

ደግሞ ያመጣሽብኝ ጣጣ! «ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሰዓት ይፈጥናል፣ ወደ መሬት ሲቀርብ ይዘገያል» ብለሽ ጻፍሽ። አርባ ዓመት ደንበኛን «ሰዓትህ ተበላሽቷል» ስል ኖሬ፣ ለካ ሰውየው ፎቅ ላይ ስለሚኖር ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ሁለት ሰዓት እኩል ሞልቼ አንዷን ሱቄ፣ አንዷን ጣሪያው ላይ ከውኃ ታንከሩ ሥር አስቀመጥኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ በዚህ ጉልበቴ አራት ፎቅ ወጣሁ። ልዩነት የሚባል የለም! በሳይንሱም ባንቺም ተናደድኩ። አንድ ጠዋት እናትሽ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አገኘችኝ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እየለካሁ ነዋ።»

«እጅህስ?»

ዝቅ ብዬ ባይ፣ እጄ ሰዓቷን በሱቋ ሰዓት ልክ ከሞላሁት ከኪስ ሰዓቴ ጋር እያስተካከላት ነው። ሃያ አንድ ቀን! የተዛነፈ ሰዓት አይቶ ዝም የሚል እጅ የለኝማ። እናትሽ የልብስ ገመዱን ይዛ ተንከተከተች። «ልዩነቱ የሰከንድ ጥቂት ቢሊዮንኛ ነው፣ በእጅ ሰዓት አይታይም» ብለሽ የጻፍሽልኝ ከዚያ በኋላ! ቀድመሽ ብትናገሪ ምን ነበረበት?

የአሁኑን ደብዳቤሽን ግን እንደጻፍሽው አላነበብኩላትም። የጉንዳን ጽሕፈትሽን ከእኔ የሥራ መነጽር በቀር የሚፈታው ስለሌለ፣ እንደ ሁልጊዜው ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ልተወው ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ምላሴ እምቢ አለ። ስለ ጥቁር ጉድጓድ፣ ብርሃን እንኳ ገብቶ ስለማይወጣበት፣ ባለፈው የጻፍሽውን እንደ አዲስ ወሬ ቀጠልኩላት፤ ወደ ውስጥ ለሚወድቀው የራሱ ሰዓት እንደ ወትሮው ነው፣ ከሩቅ ቆሞ ለሚያየው ግን የዚያ ሰው ሰዓት እየዘገየ፣ እየዘገየ ይሄዳል።

የመኪናዋን ፔዳል አቆመች። «ታዲያ የሚረዝመው ለሚጠብቀው ነው በለኛ» አለች። ደግሞም፣ «የገባውስ መጨረሻው ምንድን ነው? ጠይቃት።»

ምን ልበላት? አፋፉ ላይ ጥለሽን ሄድሽ! ሁለተኛ ስላንቺ አልዋሽም። ይህ በደረሰሽ ማግስት ወደ ክፍልሽ ግቢ፣ ፊት ለፊት ተቀመጪና የእናትሽን ጥያቄ ያንን መምህር ጠይቂው። ካላወቀ አላውቅም ይበል፤ እኔ ስንቴ ብዬዋለሁ፣ አልሞትኩም።

ያንቺ የሆነውን ወንበር ማንም አይቀማሽ፤ የጀመርሽው ሁሉ በእጅሽ ይጽና።

የተቆጣሽ አጎትሽ፣ ሰዓት ሠሪው

እናትሽ መልሱን በትልልቁ ጻፊ ብላሻለች። ከእንግዲህ ራሷ ልታነበው ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።