በመጽሔቱ ሰማይ ላይ ያለችው ነጥብ

ይድረስ ለታዴ፣

የደብዳቤ ወግ ጤና በመጠየቅ ይጀምራል፤ አንተን ግን ጤናህን አልጠይቅህም፤ የጉልበት ሕመም የሌለበት አገር ሄደሃል ብዬ አምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደተለመደው ነው። ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ሆነ። ሙት ዓመትህን ዘንድሮም ዘክረናል፤ ጠላው ትንሽ ቀጥኖ ነበርና አንተ ብትኖር ሳምንት ሙሉ ታነሳብኝ ነበር። ለካስ የሚነዘንዝ ሰው ማጣትም ሆድ ያስብሳል።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ወሬ ስለተጠራቀመብኝ ነው። ወሬ ሆዴ ውስጥ ሲያድር እንደሚያመኝ ታውቃለህ። ይሄኛውን ደግሞ ላንተ ካልነገርኩ ለማንም ብነግረው አይወጣልኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የመካኒሳውን ቤታችንን ልንለቅ ነው። ሰፈሩ ለግንባታ ተፈልጎ ጎረቤቱ ሁሉ እቃውን እየጫነ ነው። ሸራ ትሰፋባት የነበረችው ሱቅ ፈርሳለች፤ ቦታዋን በቆርቆሮ አጥረውታል። ሚኪያስ ፉሪ በሠራት ቤት አንዷን ክፍል ቀለም ቀብቶ ለእኔ አዘጋጅቷል። እግዜር ይስጠው፣ ልጅህ ቁም ነገረኛ ወጥቷል። ክፍሏ ግን ከአልጋዬና ከቁም ሳጥኑ ሌላ የምትይዘው የለም። ነገሩም የመጣው ከዚሁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እቃ ስንለይ ሚኪያስ አልጋው ሥር ገብቶ ያን የእንጨት ሳጥንህን ጎተተው። የጃንጥላ ዝላይ መጽሔቶችህን። እኔ ጣውንቶቼ እያልኩ የምጠራቸውን። እማዬ፣ ይሄን ሁሉ የድሮ ወረቀት የት እናደርገዋለን፣ ለቆራሌው በኪሎ ይሂድ አለኝ። እኔ ራሴ በወጣትነታችን ስንት ጊዜ ይህንኑ ብዬሃለሁ! ከሱ አፍ ስሰማው ግን ደሜ ፈላ። ጣውንትም ብትሆን እኔ እሰድባታለሁ እንጂ ሌላ ሰው አይሰድብብኝም።

ልጁ እንኳ አይፈረድበትም። እሱ ሲያውቅህ ሸራ ሰፊ ነበርክ፤ የጭነት መኪና ልብስና የእድር ድንኳን የምትሰፋ አባት። ያ አየር ወለዱ ታዴ፣ ደብረ ዘይት ሰማይ ላይ ከአውሮፕላን ይዘል የነበረው ጎረምሳ፣ እኔም ብሆን በወሬና በመጽሔት ነው የማውቀው። ስታገባኝ ጉልበትህ ተጎድቶ ከሠራዊቱ ወጥተሃል። ይዘኸው የመጣኸው ንብረት አንድ ብርድ ልብስና ያ ሳጥን ነበር። እናቴ ሳጥኑን አይታ ወርቅ መስሏት እንደነበር ነግሬህ አላውቅም መሰለኝ። ስትከፍተው ጊዜ ፊቷን ባየኸው!

እሁድ እሁድ ምሳ በልተን ስናበቃ መጽሔቶቹን አልጋው ላይ ትደረድራቸው ነበር። እንግሊዝኛው ለሁለታችንም ባዕድ ነው፤ አንተ ግን ፎቶውን እንደ ጽሑፍ ታነበው ነበር። ከታች ያሉት ጥቁርና ነጮቹ ናቸው፤ ሰዎቹ የወታደር ቦት ጫማ አጥልቀው፣ መጠባበቂያውን ጃንጥላ ሆዳቸው ላይ አስረው እንደ ነፍሰ ጡር ቆመው የተነሱባቸው። ጃንጥላው ሁሉ ክብ፣ ሁሉም ነጭ። ቀጥሎ ቀለም ገባ። ክቡን ጃንጥላ ከኋላው ሸንተር ሸንተር አድርገው ቀደዱትና ነፋሱ በዚያ ሲወጣ ዘላዩ ወደፈለገው አቅጣጫ መዞር ቻለ። አሸዋ ላይ የተቀመጠች የስኒ ማስቀመጫ የምታክል ምልክት በተረከዛቸው የሚረግጡ ሰዎች መጡ፤ ያኔ የስፖርቱ ጌቶች እነሱ ነበሩ፣ የሁሉም ተረከዝ አንተን ያስቀናህ ነበር። ከዚያ ሴቶች መጡ። የሴቶቹን ገጽ እኔ አጠገብህ ስቀመጥ ቶሎ ቶሎ ትገልጠው ነበር፤ ያላየሁ መስሎህ ነው። ከዚያም ሰዎች ሰማይ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው አበባ መሥራት ጀመሩ፣ በመጨረሻም ያ አራት ማዕዘን ጃንጥላ መጣ።

ክቡ ይጥልሃል፣ አራት ማዕዘኑ ይወስድሃል ትለኝ ነበር። እሱን ስትል ድምፅህ ዝቅ ይላል። አንድ ቀን እንኳ ሳትዘልበት ነው ጉልበትህ ያሰናበተህ። ስፖርቱ ወደፊት ሲሄድ አንተ በክቡ ዘመን ቀረህ። እኔም ያኔ ሻይ ላፍላ ብዬ እነሳ ነበር፤ ዓይንህን ላለማየት።

መስከረም ሲጠባ ክረምቱን የታመቁትን መጽሔቶች አውጥተህ ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ እንደ ካልሲ ትሰቅላቸው ነበር፣ እርጥበቱ እንዲወጣላቸው። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ በዚያው ሰሞን ለልጆቻቸው ደብተር መሸፈኛ ይፈልጋሉ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሽቦው ላይ ተሰቅሎ እያዩ እንዴት ዝም ይበሉ? አንተ፣ ለጎረቤት ነፍሱን የሚሰጠው ታዴ፣ አንዲት ገጽ አልሰጥም ብለህ፣ ጫማህን አጥልቀህ ወጥተህ የድሮ ጋዜጣ ገዝተህ ለሁሉም ታድላለህ። ስስታም እንዳይሉህ ደግሞ ደብተሮቹን ራስህ ትሸፍንላቸዋለህ። አንተ የሸፈንከው ደብተር ዓመቱን ሙሉ አይላቀቅም ነበር፤ ጃንጥላ ያጠፈ እጅ ነዋ።

ይህን ሁሉ ጥበቃ ያመጣችው ግን ያቺ ነጥብ እንደሆነች እናውቃለን፣ አንተም እኔም አብሮህ ይዘል የነበረው ደምሴም።

ያሰለጠናችሁ ያ ረጅሙ ፈረንጅ አንድ ቀን ሣር ላይ በጀርባው ተኝቶ የምትወርዱትን ፎቶ አነሳ፤ አገሬ ስገባ መጽሔት ላይ ታዩታላችሁ አለ። ቃሉን ጠበቀ። የመጀመሪያው መጽሔት በፖስታ ሲመጣ ውስጡ የባሕር ዛፍ ጫፍ፣ ሰፊ ሰማይ፣ መሐል ላይ አንድ ክብ ጃንጥላ፣ ከጃንጥላው ሥር ደግሞ ተባይ የምታክል ነጥብ ነበረች። ከሥሩ የተጻፈው ኢትዮጵያዊ ዘላይ ብቻ ይላል። አንተ እኔ ነኝ አልክ። ጓደኛህ ደምሴም የለም፣ እኔ ነኝ አለ። ፈረንጁ መጽሔቱን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሲልክልህ ኖረ፤ እናንተም ስትጨቃጨቁ ኖራችሁ። ክርስትና ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ አንድ ጊዜም ልቅሶ ቤት። እኔን ዳኛ ስታደርጉኝ፣ ተዉ እናንተዬ፣ ፊት የላት፣ እጅ የላት፣ ይቺ ዝንብ ናት እላችሁ ነበር። ደምሴ ይስቃል፣ አንተ ታኮርፋለህ።

አሁን ስለ ቀብርህ ልንገርህና አብረን እንሳቅ።

ያን ዕለት ሚኪያስ ከሬሳው ፊት የሚያዝ ትልቅ ፎቶ ያስፈልጋል ብሎ ሳጥንህን ከፈተ። ከላይ ተገንጥላ የተቀመጠች አንዲት ገጽ አገኘ፤ አንድ ዘላይ የአውሮፕላን በር ይዞ የቆመባት፣ የራስ ቁር የደፋ፣ መነጽር ያደረገ። አባቱ መሰለው። ሮጦ ፎቶ ቤት ሄዶ አሳደገው፣ ወርቃማ ፍሬም ውስጥ አስገባው፣ ጥቁር ሪባን አሰረበት። እኔ ያየሁት ሰልፉ ሲነሳ ነው። ታዴ፣ በሞትኩት! ፈረንጅ ነው! የእድሩ ሊቀ መንበር ፎቶውን አቅፎ ከፊት ይሄዳል፣ አክስትህ ደረቷን እየደቃች፣ ያ ሰልካካ አፍንጫህ አፈር ሊበላው ነው ወይ ትላለች። ያንተን አፍንጫ እኔ አላውቀውም? ሕዝቡም አፍንጫውን እያየ ያለቅሳል። ደምሴ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ አስካለ፣ ለመሆኑ ማንን ነው የምንቀብረው አለኝ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ስንቀጠቀጥ ሴቶቹ ሐዘኑ ጣላት ብለው ደገፉኝ። እየሳቅሁ ነበር፣ ወዲያው ደግሞ ያ ሳቅ መጨረሻው ጠፋኝ። ይህን ለማን እነግረዋለሁ ብዬ ዞር ስል አንተ የለህም። የሞትክ ያኔ ነው የመሰለኝ።

ለሚኪያስ አልነገርኩትም። በእንባ ያሠራውን ፎቶ እንዴት ብዬ? ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሦስት ዓመት ሙሉ አቧራውን ስጠርግለት፣ እንደምን አደርክ እንግዳው ስለው ኖርኩ። ሰውየው ምን በደለ፣ የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አይታወቅ፣ መካኒሳ ድረስ መጥቶ ተለቀሰለት።

ቅዳሜ ዕለት ታዲያ ሚኪያስ ሳጥኑን ወደ በሩ ገፍቶ፣ ፍሬሙን ግን ከሁሉ አስቀድሞ በብርድ ልብስ ሲጠቀልል አየሁት። የአባቱን ነገር በኪሎ ሊሸጥ፣ የማያውቀውን ሰው ታቅፎ ፉሪ ሊወስድ! አልቻልኩም፤ ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነም። ከዚያ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። ሳቁ ሲያባራ፣ ታዲያ የአባዬ የዝላይ ፎቶ የታለ አለኝ። መልሱ ያቺ ዝንብ ናታ።

ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን መፈለግ ጀመርን። ሚኪያስ የጠራው ቆራሌ በራችን ላይ ማዳበሪያውን ይዞ ቆሟል፣ ልመዝነው እንዴ እማማ እያለ ይጣራል። ባናገኛትስ? አንተ ከኖርክበት ሰማይ አንዲት ምስክር ሳትቀር፣ ልጅህ አባቱን በሌላ ሰው አፍንጫ ሊያስታውሰው ነው ብዬ ፈራሁ። ገጽ በገጽ ስንገልጥ አራት ማዕዘኑ አለፈ፣ አበባ ሠሪዎቹ አለፉ፣ ሴቶቹ አለፉ፤ ታች፣ ጥቁርና ነጮቹ ዘንድ፣ ያ የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቅ አለ።

ሚኪያስ በስልኩ ፎቶ አንስቶ አጎላው። ሲጎላ ነጥቧ እየተበተነች ሄደች። እማዬ፣ ፊት የለውም፣ ምንም አይታይም አለ። እኔ መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ፊትማ የለህም። እግር ግን አለህ። የግራው ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። የቀኙ ከጉልበቱ ታጥፎ ወደ ውጭ ወጥቷል።

ታዴ፣ ያንን ጉልበት ልስተው ነው? ትዳራችንን ሙሉ አልጋ ላይ ከግድግዳ ጋር ያጣበቀኝ ጉልበት ነው! ግጠመው እያልኩ ስገፋህ፣ አሰልጣኙም ሰማይ ላይ እግር ግጠም እያለ ይጮህብኝ ነበር፣ አልገጥም ብሎኝ ነው የተሰበርኩት ትለኝ አልነበር? መተኛትህም መውረድህም አንድ ነው። ደምሴ እንዴት እንደሚተኛ አላውቅም፣ እግዜር ይመስክርልኝ፤ አንተን ግን አውቅሃለሁ። ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ስልኩን ታቅፌ አለቀስኩ። ቀብርህ ላይ ያላለቀስኩትን።

ለደምሴ ደወልኩለት። ጉልበቱን ነገርኩት። ይሁን፣ እሱው ይሁን አለኝ፤ ድምፁ ግን ልክ አልነበረም። አኩራፊው ባሌ፣ ይኸው ተፈረደልህ።

ቆራሌው የተሰበረውን ወንበር ገዝቶ ሄዷል። ሳጥኑ ከእኔ ጋር ፉሪ ይሄዳል፣ አልጋዬ ሥር ይገባል፤ ሚኪያስ ራሱ ነው የተሸከመው። መስከረም ሲጠባ አንድ በአንድ አውጥቼ ፀሐይ አስመታቸዋለሁ። የሴቶቹንም ጭምር። እንግዳው ሰውዬም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከቤት ማስወጣት ነውር ነው። ያንተዋ ገጽ ደግሞ እሱ አጠገብ ትሆናለች፤ ሚኪያስ ለእሷም ወርቃማ ፍሬም አሠርቶላታል።

ናፍቀኸኛል። አልጋው ሰፍቶኛል። እስካለሁ ድረስ ግን አንተን የሚረሳ ቤት አይኖረኝም። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ፣ እማማ፣ ይቺ ሰማዩ መሐል ያለችው ነጥብ ምንድን ናት ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ባሌ ነው፣ ገና አልወረደም እለዋለሁ።

ያንተዋ አስካለ