በረኛዋ ብርነሽ ከመዝገበ ዕውቀት ትሰረዝ ወይስ ትቆይ

ለክቡር አቶ መልከ ጼዴቅ
«ምሉእ» ለተባለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ዋና አርታኢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ከነቤተሰብዎና ከነባልደረቦችዎ በጤና እንዲያቆይልኝ፣ ያን ሁሉ ገጽ ሲመረምር ለሚውለው ዓይንዎም ብርታት እንዲሰጥልኝ መድኃኔ ዓለምን እለምናለሁ። እኔ፣ ከመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ብርድ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። ትሰረዝ አትሰረዝ እያላችሁ የምትመክሩባትን የበረኛዋን ገጽ «የእግር ኳስ ወዳጅ» በሚል ስም ተሸሽጌ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ወዳጅ ብቻ አይደለሁም፤ ባሏ ነበርኩ። ካረፈች ሰባት ዓመት አልፏል። ባል ስለ ሚስቱ መጻፍ እንደማይፈቀድለት በደንብዎ ላይ አንብቤ ነበር፤ አንብቤም ጻፍኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን ማንበብ ለክብርዎ የማይመጥን ከመሰለዎ እዚህ ላይ ቢያቆሙ አልቀየምም።

፩ኛ. ገጹን የከፈትኩት በክርስትና ስሟ፣ «ወለተኪዳን» ብዬ ነው። ካረፈች ወዲህ ስሟን ከሰው አፍ የምሰማው በሙት ዓመቷ ካህኑ ፍትሐት ሲያደርሱላት ብቻ ስለሆነ፣ የሞተ ሰው በሌላ ስም የሚጻፍ አልመሰለኝም፤ የተማርኩትም እስከ ስምንተኛ ነው። እርስዎ በትጋት መርምረው «ወለተኪዳን የምትባል ተጫዋች የትም አልተገኘችም» ብለው ወሰኑ። ስለ ድካምዎ ከልብ አመሰግናለሁ። የትም አለመገኘቷን እኔም አረጋግጥልዎታለሁ፤ የቀበርኳት እኔ ነኝ።

፪ኛ. ምስክር አምጣ ስላሉኝ፣ በዚያ ዘመን በአጥቂነት አብራት የተጫወተችውን፣ ዛሬ ቆላ ወርዳ በንግድ የምትተዳደረውን ወይዘሮ ነጅዋን ደውዬ ብጠይቃት «ወለተኪዳን ደግሞ ማናት፣ ጋሼ አባይነህ? ብርነሽ አይሉኝም እንዴ!» ብላ ሳቀችብኝና ስሙን አስተካከልኩ። ጉም ሜዳውን ሲውጠው የቀሩት ኳሷ የት እንደገባች ጠፍታቸው ሲደናበሩ፣ ብርነሽ ግን ኳሷን የመታውን እግር ድምፅ ብቻ ሰምታ ኳሷ የምትመጣበት ላይ ትወድቅ እንደነበር አጫወተችኝ፤ ይህንኑ አንድ ሳላስቀር ጻፍኩልዎ። እርስዎም የአፍ ምስክርነት እንደማይበቃ፣ በጊዜው የወጣ ጋዜጣ እንደሚያስፈልግ በትሕትና ገለጹልኝ። ልክ ነዎት። በዚያ ዘመን እዚህ መሐል ሜዳ ድረስ የመጣ ጋዜጠኛ ቢኖር ኖሮ ስለ ጉሙ በሰፊው በጻፈ ነበር።

፫ኛ. ፎቶዋን «ጥራት የለውም» ብለው አንስተውታል። አመሰግናለሁ።

፬ኛ. ከሁሉ የከበደኝ የመጨረሻው አስተያየትዎ ነው። ደሴ ላይ ለዞኑ የሴቶች ቡድን በአንድ ውድድር ተሰልፋ የተወች ተጫዋች ለመዝገበ ዕውቀት እንደማትበቃ ካስረዱኝ በኋላ፣ «በጉልበት ሕመም ምክንያት አቆመች» ካልኩት አጠገብ «ምንጭ ያስፈልጋል» የሚል ምልክት አደረጉ። ይህንን ለነጅዋ ባነሳባት «የምን ጉልበት ነው የሚሉኝ? የእሷ ጉልበትማ ብረት ነበር! ይልቅ ለምን እንደተወችው እርስዎ ያውቁ የለ?» አለችኝ። እኔም ስለ ቆላው ሙቀትና ስለ ንግዷ እየጠየቅሁ የስልኩን ሂሳብ ጨረስኩት።

ክቡር ሆይ፣ በተጋባን ዓመት የጽዋ ማኅበራችን ላይ አንዱ «አንተዬ፣ ሚስትህ ወንዱ ሁሉ እያየ አፈር ላይ ትንከባለላለች አሉ፤ ለዘር መሬቱን ልታለሰልስልህ ነው?» ብሎ ቀለደብኝና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን መለያዋን ሳጥን ውስጥ እንድትከተው አዘዝኳት፤ ለጠየቀሽ ሁሉ ጉልበቴን አሞኝ ነው በይ አልኳት። አልተከራከረችኝም። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ቃሌ ውሸት ሆኖ እንዳላፍር ብላ፣ እያነከሰች ጠላ ትቀዳ ነበር። እንግዳው ደጁን ሲወጣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ማነከሷንም፣ ቀጥ ማለቷንም ቁጭ ብዬ አይ ነበር። በየጾሙ ለንስሐ አባቴ የምናገረው ሌላ ሌላውን ነው፤ ይህ ኃጢአት ከሚባለው የሚቆጠር አልመሰለኝም። ልጃችን ሐና እንኳ ዛሬም እናቴ ጉልበቷን ታማ ነበር እያለች ለተማሪዎቿ ታወራለች።

እንግዲህ እርስዎ ከባልደረቦችዎ ጋር ተሰብስበው የሚመክሩበትን ሥራ እኔ ብቻዬን፣ ያለ ደንብና ያለ ስብሰባ፣ ገና ድሮ ጨርሼው ኖሯል። በመሥሪያ ቤትዎ ክፍት ቦታ ካለ ልምዴን ከግምት ያስገቡልኝ። «ለምን አንድ ውድድር ብቻ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም፤ ሊሰርዟት ሲሉም ቢሆን ስለጠየቁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ስጽፍ እንባ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም።

ውይይቱን ዓርብ እንደሚዘጉ ስለተነገረኝ ጊዜዎን ከዚህ በላይ አልሻማም። ፍርዱን ለእርስዎ ትቼ፣ እግዚአብሔር ሥራዎን እንዲባርክልዎ፣ እርስዎንም ለረጅም ዘመን ከሚታወሱት ሰዎች መካከል እንዲያደርግዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
አባይነህ ይሥሐቅ
የብርነሽ ባል
መሐል ሜዳ፣ መንዝ

ግልባጭ፦
ለልጄ ለሐና፣ ደብረ ብርሃን

ማስታወሻ፦ ገጹ እስከ ዓርብ ለማንም ለማረም ክፍት ነው ብለው ስለ ነበር፣ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ መጀመሪያ ለሐና ደውዬ የእናቷን ጉልበት እውነት ነገርኳት። ሰምታኝ ስትጨርስ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ገጹን ከፍቼ ስለ ጉልበት የሚለውን አጠፋሁና «ሙሉ ጤነኛ ሳለች ባሏ ስለ ከለከላት አቆመች» ብዬ ጻፍኩ፤ ምንጭ በሚለውም ቦታ ስሜን ከነአባቴ አስገባሁ።