ስድስት ተኩል ወይስ ሦስት መቶ?

ጥቅምት 4
ዛሬ ሁለት ሚዛን አሸግኩ። ሁለተኛው ነጋዴ ከመግባቴ ወንበር አቀረበልኝ፣ ሳቀልኝ... ሚዛኑ እንደሚሰርቅ ያኔውኑ አወቅኩ። አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ሚዛን የመረመረ ሰው ሳቅ አያታልለውም።
የአደን ፈቃዴም ወጣ። አንድ ትልቅ አጋዘን፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ከሦስት መቶ ሜትር ወዲህ አያስጠጋም አሉ። ጠመንጃ ግን የለኝም። የትኛው ካሊበር ይሻለኛል? ቀጭን ጥይት ወይስ ወፍራም? አቁስዬ እንዳልሰደው ነው የምፈራው። ሌላው ሁሉ ዕዳው ገብስ ነው።

ጥቅምት 6
ጠመንጃ ሻጩ ስድስት ተኩል ሚሊ ውሰድ አለኝ። አይራገጥም፣ ሩቅ ይሄዳል፣ ለጀማሪ እሱ ነው... አፉ ቅቤ ነው። ሳጥኑ ላይ ግን አቧራ አየሁ። አልሸጥ ያለውን ሊያስታቅፈኝ ይሆን?

ጥቅምት 9
የባለቤቴ ወንድም መጣ። ቤት ውስጥ “መድፉ” ነው የምንለው፤ ሦስት መቶ ማግነም የሚሉት ባለ ወፍራም ጥይት ካልሆነ ጠመንጃ አይመስለውም። ስድስት ተኩል ለጥንቸል ነው ብሎ አፌዘብኝ። ሻዩን ጨርሶ ሲነሳ፣ “የኔን ውሰደው። ወደር የለውም፣ ዝም ብለህ ውሰደው” አለኝ።
በነጻ? መፍቻ ሲያውሰኝ እንኳን መቼ ትመልሳለህ ብሎ ሦስቴ የሚጠይቅ ሰው? አምና አደን ሄዶ አጋዘኑን ስቼው መጣሁ ካለ ወዲህ ያንን ጠመንጃ ሲነካው አላየሁም። የሆነ ነገር ቢኖረው ነው።
ባለቤቴ ሰምታኝ፣ “አንተ ሰው፣ ጥላህንም ሳትመረምር አትወጣም” አለች።

ጥቅምት 10
ጠመንጃውን ተቀብዬ የአፈሙዙን ውስጥ በባትሪ አየሁት። ንጹሕ ነው። ይባስ ጠረጠርኩ።

ጥቅምት 15
ተኩስ መለማመጃው ሄድኩ። በሦስት መቶ ማግነሙ አምስት ጥይት ተኮስኩ፣ አምስቱም የትና የት። የማነጣጠሪያ መነጽሩን ጠረጠርኩ። ነፋሱን። ጠመንጃውን የሰጠኝን መድፉንማ ተዉት።
አሠልጣኙ ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነው። እኔ ላጉርስልህ፣ አንተ ፊትህን አዙር አለኝ። ለምን እንደማላይ አልገባኝም፤ ሆዴ እየጠረጠረ ዞርኩ። አንዱ ተተኮሰ፣ ሁለተኛውም። በሦስተኛው ቃታውን ስስብ ቀጭ ብሎ ቀረ። ለካ ባዶ ቀለህ ነው ያጎረሰው! አፈሙዙ ግን መሬት መሬት ያያል።
“ጠመንጃው ምን አጠፋ?” አለኝ። “ርግጫውን ፈርተህ ቀድመህ የምትደነግጠው አንተ ነህ።”
የእሱን ስድስት ተኩል ሰጠኝና ያንኑ ደገመልኝ። በባዶው ላይ አፈሙዙ ንቅንቅ አላለም።
ተናደድኩ። በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ስንቱን ስመረምር የገዛ ትከሻዬን አንድ ቀን አልመረመርኩም።

ጥቅምት 17
ጠመንጃውን ልመልስለት መድፉ ቤት ሄድኩ። የባዶ ቀለሁን ነገር ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር... ጠመንጃውን አልተቀበለኝም። “አምና አልሳትኩትም” አለ። “ሆዱን ነው የመታሁት። እስኪመሽ ፈለግኩት፣ የለም።”
ዓይኔን አላየኝም። ጠመንጃውን ቤት ውስጥ ማየት አቃተኝ፣ ለማላውቀው ሰው መሸጡም ከበደኝ አለ። ላንተ የሰጠሁህ ጠንቃቃ ስለሆንክ ነው አለ።
“ታዲያ ለምን አሞገስክልኝ?”
“ካላሞገስኩት ትወስደዋለህ?”
አልወስድም። እውነቱን ነው። ግን እኔም አቁስዬ ብሰደውስ? ይህን ልለው ነበር፤ ፊቱን አይቼ ተውኩት። እሱ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ዓመት ሲከርም እኔ አፈሙዝ ውስጥ ባትሪ አበራለሁ...

ኅዳር 2
ስድስት ተኩሉን ገዛሁ። አቧራው ለካ ሁሉም ሳጥን ላይ ነው። ያን ቀን ያየሁት አንዱን ብቻ ነበር።
መድፉን ለምኜ መለማመጃው ወሰድኩት። ከበሩ አላልፍም ብሎ ትንሽ አስቸገረኝ። ሃምሳ አለቃው ሊያጎርስልኝ ሲጠጋ ተወው አልኩት። ጥይቱንና ባዶውን ቀለህ ቀላቅዬ መድፉ መዳፍ ላይ አደረግኩለት።
“አጉርሰኝ” አልኩት። አጉርስልኝ ለማለት ነበር።
“አፍህን ክፈታ!” አለኝ፣ ሳቀም። ከአምና ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።
ፊቴን አዞርኩ። ጥይቱ እጁ ላይ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ዞር ብዬ አላየሁም።