የኦቦ ሀሰኖ ጠመንጃ

ጥር 6
ብርድ። ጭላሎ ተራራ ቀኑን ሙሉ ጉም ውስጥ ነው የዋለው። ሁለት የበር ማጠፊያ ሠራሁ። ከሰዓት በኋላ ኦቦ ሀሰኖ ከዲክሲስ አሰላ ሱቄ ድረስ መጡ፣ ከአባታቸው የወረሱትን ምንሽር ጠመንጃ በጆንያ ጠቅልለው። ጣሪያው አፍስሶበት ክረምቱን ሙሉ ሲዝግ ከርሟል። በአሥራ ስድስት የመሣሪያ ምዝገባ ስላለባቸው እንዳድሰው ፈለጉ። የፈቃዱን ኮፒ ትተውልኝ ሄዱ።
"አባትሽም አንድ ጊዜ አድሶልኛል። እጅሽ የእሱ ነው" አሉኝ። ደስ አለኝ።

ጥር 8
ዝገቱ ጠልቋል። ናፍጣ ቀብቼ ተውኩት።

ጥር 9
የጠመንጃው ቁጥር ጠፋ።
መነጽሬን አላደረግሁም ነበር። በሻካራው የብርጭቆ ወረቀት ሳሸው፣ ሳሸው... ስጠርገው ቁጥሩ የነበረበት ቦታ ልሙጥ ሆኗል። በጣቴ ዳሰስኩት። ምንም የለም። ፈቃዱ ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ከሌለ፣ የሳቸው መሆኑን በምን ያስረዳሉ?

ጥር 10
ለባለቤቴ ለአስናቀ ነገርኩት። የቁጥር መምቻ አለሽ አይደል፣ ከኮፒው አይተሽ ምቺበት፣ ማን ያውቃል አለ።
ለሽማግሌው ልንገራቸው? በምን አፌ...

ጥር 11
መታሁት። ስድስት አሃዝ። ከዚያ አዲስነቱ እንዳይታይ ብረቱን አጠቆርኩት። አማረ። ማማሩ ራሱ አስጠላኝ።

ጥር 13
መጥተው ወሰዱ። መረቁኝ። አሜን አልኩ። እንዴት አሜን አልኩ?

ጥር 17
ትላንት ምዝገባው ላይ መዝጋቢዎቹ ቁጥሩ አዲስ የተመታ መሆኑን አዩ። የተሰረቀ መሣሪያ ነው ብለው ኦቦ ሀሰኖን አሥረው አሰላ አመጧቸው። በሰባ አራት ዓመታቸው!
ፖሊስ እኔም ጋ መጣ። ዝገት ብቻ ነው ያጸዳሁት፣ ቁጥሩን አልነካሁም አልኩ። ፈረምኩ።
ምን አደረግሁ...

ጥር 19
አስናቀ ዝም በይ ይላል። አንቺ ከታሰርሽ ልጆቹ ምን ይሆናሉ ይላል። እሱስ እውነቱን ነው።
ልጃቸውን ለሊሴን ገበያ አገኘኋት። ለአባቷ ብርድ ልብስ ልትገዛ መጥታ ነው። ሰላም ብላ ሳመችኝ። ምንም አታውቅም።

ጥር 20
ሄድኩ። ለመርማሪው፣ ለበእውቀቱ፣ ቃሌን ልቀይር ነው አልኩት። መምቻዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። ኦቦ ሀሰኖን አስጠራቸው። ከስተዋል። ሁሉንም ፊታቸው ተናገርኩ።
ወደ እኔ ዞሩ።
"ያኔውኑ ብትነግሪኝ እኮ፣ ልጄ፣ ወረዳ አብረን እንሄድ ነበር።"
እሳቸው ወጡ፣ እኔ ገባሁ።

የካቲት 4
በዋስ ከወጣሁ ሳምንት ሆነኝ። ሱቁ ታሽጓል። አስናቀ ከሚያናግረኝ ቀን የማያናግረኝ ይበዛል። ጠመንጃውም ማስረጃ ነው ተብሎ እንደተያዘ ቀርቷል።
ዛሬ በሚኒባስ ዲክሲስ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ልመለስ፣ ልመለስ ስል ነበር። ኦቦ ሀሰኖ ደጅ ወንበር አወጡልኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ማሳውን እያዩ ስለ ገብሱ አወሩ። ልሄድ ስነሳ ብቻ፦
"ችሎት የምትቀርቢው መቼ ነው? መጥቼ እመሰክራለሁ።"
ለእኔ ነው? በእኔ ላይ ነው? አልጠየቅኋቸውም።
ቀኑን ነገርኳቸው።