ንግሥቲቱን ሽርጥ ያስታጠቁት የወይዘሮ ኦርቴንሲያ ጊራርዲኒ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኦርቴንሲያ ጊራርዲኒ ከአባታቸው ከአቶ አቲሊዮ ጊራርዲኒና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልቢና ፎንታና እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1938 በፓርማ አቅራቢያ በምትገኘው በኮሎርኖ ተወለዱ። አባታቸው ጋሪ ነጂ ሲሆኑ እናታቸው በቲማቲም ድልህ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው በአሥራ አራት ዓመታቸው እናታቸውን ተከትለው ፋብሪካ ገቡ። ከሥራ መልስ ስፌት ተምረው በ1957 በፓርማ ከተማ ኦፔራ ቤት አልባሳት ክፍል ተቀጠሩ፤ ከተቀጠሩ ሃያ ዓመት ሳይሞላም የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ።

በ1961 ከአቶ ኦሬስቴ ባርብዬሪ ጋር ትዳር መሥርተው ሚሬላንና ኢቫኖን ወልደዋል። አቶ ኦሬስቴ የሳላሚ ቋሊማ ነጋዴ ቢሆኑም ከተማው የሚያውቃቸው በኦፔራ ቤቱ ላይኛ ሰገነት ነው። ርካሹ መቀመጫ እዚያ ነው፤ ፍርድ የሚወርደውም ከዚያው ነው። ዘፋኝ ድምፅ ከሳተ ወይም አዘጋጅ የቆየውን ከነካካ ሰገነቱ ያፏጫል። ባልና ሚስቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ነገር ተስማምተው ኖሩ፤ ንግሥት ያለ ከፋይ ቀሚስ መድረክ አትወጣም።

በ1991 ሩጄሮ ሳልቪ የሚባል ወጣት አዘጋጅ ከሚላን መጥቶ የኦፔራውን የድሮ ንግሥት የድልህ ፋብሪካ ሠራተኛ አድርጓት ዐረፈው! የወይዘሮ ኦርቴንሲያ ደም ፈላ። የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን ይዘው ወደ ልምምዱ ሲገቡ ንግሥቲቱን የምትጫወተው ሶፕራኖ ዘፋኝ ሽርጧን ከኋላ ቋጥራ ቆማ አገኟት። ደብዳቤው እዚያው ተረሳ።

«አንተ ልጅ! ከኋላ ቋጥራ ፋብሪካ የምትገባ የት አለች? ማሽኑ ጎትቶ ይወስዳታል እኮ!» ብለው መድረኩ ላይ ወጡ። እናታቸው ማሽን የያዘውን የሽርጣቸውን ቋጠሮ ከኋላ ለመፍታት ሲታገሉ ነበር ሁለት ጣታቸውን ያጡት። ከዚያ ወዲህ የፋብሪካው ሴቶች ሁሉ ከፊት ነው የሚቋጥሩት።

አዘጋጁ አልኮራም። «እትዬ፣ እስቲ ያሳዩን» አለ። እጅ እንዴት እንደሚጠረግ፣ ቀኑን ሙሉ የቆመ እግር እንዴት እንደሚያርፍ ሦስት ሳምንት ሙሉ አሳዩ።

የመክፈቻው ዕለት ሰገነቱ በፉጨት ተናጋ። ዋናው አፏጪ አቶ ኦሬስቴ ነበሩ። ወይዘሮ ኦርቴንሲያ ከአጠገባቸው ብድግ አሉ።

«ኦሬስቴ፣ አፍህን ዝጋና ዓይንህን ክፈት! ይቺ እኮ እናቴ ናት!»

«ቁጭ በይ አንቺ ሴትዮ! አሳፈርሽኝ!»

«አልቀመጥም!»

ከወዲያ ጥግ አንዲት የድሮ የፋብሪካው ሠራተኛ «እውነቷን ነው! እኔም እንዲሁ ነበር የምቋጥረው!» ስትል ሰገነቱ ጸጥ አለ። በመጨረሻው ገቢር ንግሥቲቱ ስትሞት የወረደው ጭብጨባ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ይህን የምትጽፈው የእህታቸው ልጅ እዚያ ነበረች፤ ዛሬም ስታስበው ልቧ ይዘላል!

አቶ ኦሬስቴ ግን አላጨበጨቡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው በግራ ከድሮው ወገን፣ ባለቤታቸው በቀኝ ከአዲሱ ወገን ሆነው ሠላሳ ሦስት ዓመት በአንድ ሰገነት ተለያይተው ተቀመጡ። እየተጨቃጨቁ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመለሱና ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ይከራከራሉ። ሳቅ ግን ከቤታቸው ጠፍቶ አያውቅም።

ወይዘሮ ኦርቴንሲያ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኦክቶበር 14 ቀን 2024 በተወለዱ በ86 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ።

የፊታችን ሐሙስ የሩጄሮ ሳልቪ አዲስ ዝግጅት ይከፈታል። አቶ ኦሬስቴ ትናንት ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «በቀኝ በኩል፣ የእሷ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። እኔ ካላጨበጨብኩላት ማን ያጨበጭብላታል?» ብለዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያኑርልን፤ ለአቶ ኦሬስቴም ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።