የመስፍኑ ግራ ጉንጭ

ፓሪስ፣ ሳን-ዣክ ጎዳና
ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7 ቀን 1687

የኔ ሆድ፣ ጄርቬዝዬ፣

የሊዮን አየር ተስማማሽ? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብቻ እየተቻኮልኩ ስለምጽፍልሽ ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። ደብዳቤውን በፖስታ ለመላክ ፈርቼ ወደ ሊዮን ለምትመጣው ለጨርቅ ነጋዴዋ ለማዳም ኡርሱል ነው የምሰጣት። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ክተቺው።

ላንቺ እንኳ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አባትሽ መዳብ ላይ መቅረጽ ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። ዓይኑ ከቅርብ አያይለትም። ቤተ መንግሥት የሚገባውን ምስል ሁሉ የምቀርጸው እኔ ነኝ፤ ከሥሩ የሚሰፍረው ግን «ባርተሌሚ» የሚለው የሱ ስም ነው። የመኳንንቱን ዊግ ፀጉር በፀጉር፣ የአንገታቸውን ዳንቴል ቀዳዳ በቀዳዳ! ምን ልበልሽ፣ ብረቱ መዳቡን ሲልጥልኝ ልቤ ጮቤ ይረግጣል።

ታዲያ ሰሞኑን ጉድ ሠራሁ። የሞርቫል መስፍን ግራ ጉንጩ ላይ ማርያም የሳመችው ጥቁር ነጥብ አለች። መዳብ ላይ የተቀረጸ ሲታተም ተገልብጦ ስለሚወጣ፣ ንድፉን በመስታወት እያየሁ ነው የምሠራው። ፊቱን እንዲያ ጨርሼ፣ ነጥቧ ብቻ ስትቀረኝ ጎረቤት መጣችና ወሬ ያዝን። መስታወቱን ረሳሁት! ሲታተም ነጥቧ ቀኝ ጉንጩ ላይ ቁጭ አለች።

ትናንት የመስፍኑ ጸሐፊ ሙሲዬ ደላኖ ወረቀቱን እያውለበለበ ከች አለ።

«ጌታዬ ጉንጭ የቀየሩት መቼ ነው?»

አባትሽን ቀድሜ «ይስተካከላል፣ ጌታው» ብዬ ጥልቅ አልኩ። እውነትም ነጥቧን ፍቆ፣ የጎደጎደው እንዲሞላ መዳቡን ከጀርባው በመዶሻ መታ መታ አድርጎ እንደገና መቅረጽ ነው።

«እንግዲያው ሐሙስ ቬርሳይ፣ ጌታዬ እያዩ ይስተካከል። ባርተሌሚ ራሱ፣ በገዛ እጁ! የሰማነው ወሬ አለ።»

ሲወጣ በሩን ቀረቀርኩ። መስፍን ያታለለ ሰው መጨረሻው እስር ቤት ነው።

«እጄ ተቃጠለ እንበል» አለ አባትሽ።

«በምን?»

«ባንቺ ሾርባ!»

ሳቅን። ቆይቶ «አይሆንም፣ ጊየሜት። እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አንቺ እፊታቸው ቁጭ ብለሽ ቅረጪ» አለኝ።

«አብደሃል? ይወስዱሃል እኮ!»

«መጀመሪያ እጅሽን ይዩ።»

ለመንኩት፣ አለቀስኩ፤ ወይ ፍንክች! ፈርቻለሁ። ብቻ ለማንም እንዳትይ፤ ዛሬ መቅረጫዬን ሦስቴ ሳልኩት፣ በሦስተኛው የሰርግ ዘፈን እያንጎራጎርኩ ነበር።

እመቤታችን ጥላዋን ትጣልብሽ፣ ሕፃኑን በእጇ ታሳድግልሽ። ለአባትሽ ጸልዪለት።

እናትሽ ጊየሜት